እማዬ መግደርደር ተወች

እናቴ ሰው ቤት ሄዳ በመጀመሪያው «ብዪ» በልታ አታውቅም። «አሁን በልቼ ነው የወጣሁት» ትላለች። «በሞቴ፣ አትድከሚ» ትላለች። የቤቱ እመቤት ትለምናለች፣ እማዬ ትግደረደራለች፣ ሚካኤል ይጠራል፣ ማርያም ትጠራለች፣ በሦስተኛው ልመና ጫፏን ቆርሳ ትቀምሳለች። ልጆች ሆነን ሰው ቤት ስትወስደን የምትሰጠን ማስጠንቀቂያም አጭር ነበር። «እንዳታሳፍሩኝ።» ትርጉሙ አትብሉ ነው። ቢርባችሁም።

የዛሬ ሦስት ዓመት ገደማ ጎረቤት ቡና ተጠራን። ድፎ ዳቦው ተቆርሶ ገና ለሰው ሳይዞር እማዬ እጇን ዘርግታ ሁለት ቁራሽ አነሳች። አንዱን አፏ ውስጥ ከተተች። ሌላውን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው፣ ልክ ድሮ ብር እንደምትቋጥረው። ቤቱ ለአፍታ ጸጥ አለ። የቤቱ እመቤት ቶሎ ብለው «ውይ፣ እንኳን በላሽልኝ!» አሉ። እኔ ግን ፊቴ ጋለ። እውነቱን ልናገርና፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ሐሳብ ሳይሆን እፍረት ነው።

ወደ ቤት ስንመለስ «እማዬ፣ ምነው ቋጠርሽው?» አልኳት።

«ለልጆቹ ነው» አለች።

ልጆቹ እኛ ነን። እኔ አሁን 44 ዓመቴ ነው።

ነገሩ ግን ያን ቀን አልጀመረም። መለስ ብዬ ሳስበው መጀመሪያ የተቀየረው ወጡ ነው። የእማዬ ዶሮ ወጥ እኛ ሰፈር፣ ሽሮ ሜዳ፣ ስም የነበረው ወጥ ነው። ሽንኩርቱን ቀስ አድርጋ ታቁላላለች፣ ሥጋውን በሎሚና በጨው ደጋግማ ታጥባለች፣ 12ቱን ብልት ቆጥራ ትከታለች። አንድ የገና በዓል ላይ ወጡ ቀረበ፣ ጎረስን፣ እርስ በርስ ተያየን። ጨው ብቻ! ሲወጣ ደግሞ ዘጠኝ ብልት ሆነ። የቀሩት ሦስቱ ከሁለት ቀን በኋላ ፍሪጅ ውስጥ ጥሬያቸውን፣ በፌስታል ተጠቅልለው ተገኙ። «እጇ ከበደ» ተባባልንና ሳቅን። እሷ ግን እየበላች «ጨው የለውም» ትል ነበር። የምሯን ነው።

ቆይቶ አንድ ሐኪም ሲያስረዳን ነው የገባን። የምግብ ጣዕም የምንለው ነገር አብዛኛው የሚመጣው ከአፍንጫ ነው። ሽታን የሚለየው የአንጎል ክፍል ደግሞ አልዛይመር የሚባለው የመርሳት በሽታ ቶሎ ከሚነካቸው ውስጥ ነው። ሰው የልጁን ስም ከመርሳቱ ከዓመታት በፊት ሽታ ሊጠፋበት ይችላል። ይህን ስሰማ ትዝ ያለኝ የቡናው ጭስ ነው። ቡና ተቆልቶ ሲዞር እማዬ እንደ ድሮው ጭሱን በእጇ ወደ ፊቷ ሳብ ሳብ ታደርጋለች። ግን «እሰይ! ደስ ሲል!» ማለቱን ካቆመች ቆይታ ነበር። እጇ ልማዱን አልረሳም። አፍንጫዋ ግን የሚነግራት ነገር አልነበረም።

ከወጡ ቀጥሎ «በልቻለሁ» መጣ።

ምሳ ሲቀርብ «በልቻለሁ»። እራት ሲቀርብ «ጾመኛ ነኝ»። በዓመት ከ180 ቀን በላይ በሚጾምበት ቤት ውስጥ «ጾመኛ ነኝ» ካሉ አሮጊት ጋር ማን ይከራከራል? ሁላችንም «ብርቱ ናት» አልን፣ ኮራንባትም። ፋሲካ አለፈ። በዓለ ሃምሳ ውስጥ ሆነን፣ ረቡዕና ዓርብ እንኳ በማይጾምበት ጊዜ፣ እንቁላሉን ገፋ አድርጋ «ጾመኛ ነኝ» አለች። ባለቤቴ «እማዬ፣ በዓለ ሃምሳ እኮ ነው» ስትላት «አንቺ ምኑን ታውቂዋለሽ» ብላ አኮረፈቻት። እናቴ! ለሰፈሩ ሁሉ መቼ ጾም እንደሚገባ የምትነግረው ሴትዮ። እኔ ደግሞ «የግል ስእለት ይኖራታል» ብዬ ነገሩን ዘጋሁት። ለሁሉም ነገር መልስ ነበረኝ።

እኛ ዘንድ ችግሩ ይሄ ይመስለኛል። ሰው ማዕድ ገፋ ማለት ብዙ ነገር ማለት ነው። ጾም ይሆናል፣ ይሉኝታ ይሆናል፣ ኩርፊያ ይሆናል፣ መግደርደር ይሆናል። በሽታ የሚለው ሐሳብ ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው የሚመጣው። በላ ሲባልም እንደዚያው ነው። ሰው ብዙ ከበላ «ስስታም ሆነ»፣ «ልጅነቱ ተመለሰ»፣ «ጃጀ» እንላለን። ቃል ሞልቶናል። ቃሉ ስለሞላን ነው መሰለኝ የምናየው ነገር ያመለጠን።

በመጨረሻ የነገረን መቀነቷ ነው። ወገቧን ሦስት ዙር ይዞር የነበረው መቀነት አራት ዙር ዞሮ ጫፉ ተርፎ ተንጠለጠለ። ያን ቀን ነው ባለቤቴ «ይህቺ ሴትዮ አልቃለች» ያለችኝ። ክብደት መቀነስ አንዳንዴ መርሳቱ ጎልቶ ከመታወቁ ቀድሞ የሚመጣ ምልክት እንደሆነ ያኔ አላውቅም ነበር።

አሁን ወደማልወደው ክፍል ልምጣ። እማዬ የስኳር በሽታ አለባት። ስለዚህ ቤታችን ስኳር የሚገባው ለእንግዳና ለልጆቹ ሻይ ብቻ ነው። አንድ ሰሞን ሁለት ኪሎ ስኳር በሳምንት ማለቅ ጀመረ። ማን ወሰደው? ሁለት ዓመት አብራን የኖረች የቤት ሠራተኛ ነበረች። እማዬ ራሷ «ይቺ ልጅ እጇ አያርፍም» አለች። እናቴ ሰው በከንቱ አትወነጅልም፣ ስለዚህ አመንናት። ልጅቷ አለቀሰች፣ ማለች፣ «እትዬን ይጠይቋቸው» አለች። ደሞዟን ሰጥተን ሸኘናት።

ሦስት ሳምንት አለፈ። አንድ ሌሊት፣ 9 ሰዓት ይሆናል፣ የማድቤት መብራት በርቶ አየሁ። እማዬ ነጠላዋን ተከናንባ ዱካ ላይ ተቀምጣለች። የስኳሩን ጣሳ ታቅፋ በሾርባ ማንኪያ ትበላለች። አገጯ ላይ ስኳር ተጣብቋል። ስገባ አልደነገጠችም። ጣሳውንም አልደበቀችም። ማንኪያውን ሞልታ ወደ እኔ ዘረጋችና «ና፣ ብላ» አለችኝ። ሌባ እንዲህ አይልም።

በማግስቱ ለልጅቷ ደወልኩ። ስልኩ አይሠራም። የዘመድ ቁጥር ሰጥታን ነበር፣ እሱም አይሠራም። ምን እንደምላት አዘጋጅቼ ነበር። እስካሁን ለማንም ሳልናገረው እዚሁ አፌ ውስጥ አለ።

ጣፋጭ አጥብቆ መውደድ ከፊተኛው የአንጎል ክፍል በሚጀምረው የመርሳት በሽታ ዓይነት ላይ በጣም ጎልቶ ይታያል። በአልዛይመርም አለ። የአንጎል ልጓም ሲላላ ይሉኝታም አብሮ ይላላል። ጎረቤት ቤት ዳቦው ላይ ያየሁት እሱን ነበር። 70 ዓመት ሙሉ የተገራው እጅ ልጓሙ ተፈታለት።

ከዚያ «በልቻለሁ» ሄደና «አልበላሁም» መጣ። ይሄኛው ባሰ።

ቨርጂኒያ ያለችው እህቴ በየሳምንቱ እሁድ በቪዲዮ ትደውላለች። «እማዬ፣ በላሽ?»

«እህል በአፌ አልዞረም» ትላለች እማዬ። «ከትናንት ወዲያ ጀምሮ።»

ይህን ስትል ጣቷ ላይ ሽሮ አለ። ትሪው ገና ከፊቷ አልተነሳም። ስልኩን ወደ ትሪው ሳዞረው እማዬ «እሱ የሰው ነው» አለች። የዚያን ቀን ማታ እህቴ አራት ደቂቃ የፈጀ የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። ሁሉንም አልጽፈውም። «ብር የምልከው ለምንድን ነው?» የሚለው ከመካከሉ ቀለል ያለው ነው። አልፈርድባትም። ያለችው ውቅያኖስ ማዶ ነው፣ የምታየው የእናቷን ፊት ብቻ ነው፣ እናቷ ደግሞ ዋሽታ አታውቅም።

ሰፈሩ ግን ቅርብ ነው። እማዬ በር ላይ ቁጭ ብላ ላለፈው ላገደመው «ጦሜን አደርኩ» ማለት ጀመረች። አንድ ቀን ጎረቤታችን በሳህን ክዳን የተከደነ ፍርፍር ይዘው መጡ። «ለእሳቸው ነው» አሉኝ፣ ዓይኔን ሳያዩ። ሌላ ቀን አንድ ጋሼ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የሚያውቁኝ፣ ትከሻዬን ይዘው «ልጄ፣ እናት እኮ አንድ ናት» አሉኝ። እሺ ከማለት ውጪ ምን ይባላል? «በልታለች፣ ዛሬ ብቻ አራቴ በልታለች» ብል ጉድ ፈላ። የእናቱን ጉርሻ የሚቆጥር ልጅ እሆናለሁ።

ታዲያ እውነት ይርባታል ወይስ አይርባትም? ይሄ ጥያቄ እንቅልፍ ነሳኝና ማንበብ ጀመርኩ። በ1998 እ.ኤ.አ. ፖል ሮዚን የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ቀላል ነገር ሞክሮ ነበር። በአንጎል ጉዳት ምክንያት አዲስ ነገር መያዝ ለማይችሉ ሁለት ሰዎች ምሳ አቀረበላቸው። በሉ። ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ሌላ ምሳ አቀረበ። በሉ። ብዙውን ጊዜ ለሦስተኛውም እጃቸውን ዘረጉ። ሆዳቸው ሞልቷል፣ ግን መብላታቸውን የሚነግራቸው የለም። ጥጋብ የሆድ ብቻ ጉዳይ አይደለም ማለት ነው። መብላትህን ማወቅም አለበት።

ይህን ካነበብኩ በኋላ «አልበላሁም» ስትል የምሰማው ሌላ ነገር ሆነ። ድሮ «እንዴት አልበላሁም ትያለሽ? አሁን ሽሮ በልተሽ?» ብዬ እሟገት ነበር። ምስክር እጠራ ነበር። ሳህን አሳይ ነበር። እሷም ታለቅስ ነበር። እሷ ዘንድ ያለው እውነት አለመብላቷ ነው። እኔ ደግሞ እህል ከልክዬ ውሸታም የምላት ልጅ ነኝ። አሁን «እሺ እማዬ፣ እየመጣ ነው» እላለሁ። ምሳዋን ለሁለት ከፍለን ግማሹን እናቆየዋለን። ሁለተኛው ሲቀርብ እንደ አዲስ ደስ ይላታል። አንዳንዴ እስኪመጣ ድረስ መጠየቋንም ትረሳለች።

ትራሷ ሥር ስላለው ዳቦ ሳልናገር። አንሶላ ሲቀየር ሁልጊዜ ይገኛል፣ የደረቀ፣ የሻገተ፣ በስስ ጨርቅ የተቋጠረ። እማዬ የወሎ ሰው ናት። በ1966ቱ ረሃብ ጊዜ በሃያዎቹ ዕድሜ ውስጥ ነበረች። ስለዚያ ጊዜ ብዙ አላወራችንም። እህቴ «ያኔ ያየችው ነው የተመለሰባት» ትላለች። ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ ግን ረሃብ አይቶ የማያውቅ ሰውም በዚህ በሽታ ምግብ እንደሚሸሽግ ነግሮናል። እኔ ሁለቱንም ሰምቼ ዳቦውን ቀስ ብዬ አወጣና በቦታው ትኩስ አስቀምጣለሁ። ባዶ ሲሆን ነው የምትታወከው።

ሐኪም ያልኩት ሁለተኛውን ነው። መጀመሪያ የወሰድናት ክሊኒክ «እርጅና ነው፣ ምን ይደረግ» ብሎ ቫይታሚን ጽፎ መለሰን። የክብደት ሚዛን ላይ እንኳ አላወጧትም። ሁለተኛው የነርቭ ሐኪም ነው፣ ጊዜ ሰጥቶ አየን። «እማማ፣ ዛሬ ስንት ቀን ነው?» አላት። «ሚካኤል ነዋ» አለች። ትክክል ናት፣ 12 ነበር። «ወሩስ?» ሲላት ዝም። «ጠዋት ምን በሉ?» ሲላት እኔን በዓይኗ ገረፍ አድርጋ «እነዚህ ምን ያበሉኛል ብለህ ነው» አለችው። ሐኪሙ ፈገግ ብሎ ወረቀቱ ላይ ጻፈ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

የወደድኩለት ወዲያው «የመርሳት በሽታ ነው» ብሎ አለመዝጋቱን ነው። አፏን አስከፍቶ አየ። ሁለት መንጋጋ ጥርሶቿ በስብሰዋል። ሥጋ ጠላች ስንል የከረምነው ግማሹ የጥርስ ሕመም ነበር! ሆድ ድርቀት እንዳለባት ጠየቀ። ሐዘንና ድብርት እንዳለባት ጠየቀ፣ ምክንያቱም ድብርትም የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ መርሳትም ይመስላል። የእንቅርት ሆርሞን ምርመራ አዘዘ። የምትወስደውን ኪኒን ሁሉ በፌስታል አምጡ ብሎ አንድ በአንድ አየው። ለስኳሯ 11 ዓመት የወሰደችው ሜትፎርሚን የሰውነትን ቫይታሚን ቢ12 ሊያወርድ ይችላል፣ የቢ12 ማነስ ደግሞ ማስታወስን ያውካል። ተለካ፣ ዝቅ ብሎ ተገኘ። መርፌው ተጀመረ፣ ጥርሱ ተነቀለ። ትንሽ ነቃ አለች፣ ሥጋም በደቃቁ ተከትፎ ሲሠራላት መብላት ጀመረች። ስኳሩና «አልበላሁም» ግን አልሄዱም። ያኔ ነው ሐኪሙ «የመርሳት በሽታ ሳይሆን አይቀርም» ያለን። «ሳይሆን አይቀርም» ቤታችን ከገባች ሁለት ዓመት ሆናት።

አንድ ነገር ግን አጥብቆ አስጠነቀቀን። ስኳር የሚያወርድ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ኪኒኑን ውጦ መብላት ከረሳ፣ ወይም ኪኒኑን ሁለቴ ከዋጠ፣ እንደ መድኃኒቱ ዓይነት ስኳሩ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል። ኪኒኑ አሁን ያለው እኔ ኪስ ውስጥ ነው። የስኳሩ ጣሳ ባለቤቴ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። ቁልፍ ያለው ቁም ሣጥን። ከእናትህ ስኳር መቆለፍ ምን እንደሚመስል አትጠይቁኝ።

ስለ ሳህኑ ልንገራችሁ። አበባ የታተመበት የብረት ትሪ አለን፣ ሁላችሁም ቤት ያለው ዓይነት። አንድ ቀን እማዬ ምግቡን ትታ የትሪውን ጽጌረዳ በሁለት ጣቷ ለማንሳት ስትታገል አየኋት። ትቆነጥራለች፣ አይነሳም፣ ትቆነጥራለች። ሌላ ቀን በነጭ ሳህን ነጭ ሩዝ ቀርቦላት ባዶ ሳህን እንደሰጠኋት ቆጥራ አኮረፈች። ዓይኗ ደህና ነው። አንጎሏ ነው ምግቡን ከሳህኑ መለየት ያቃተው። በ2004 እ.ኤ.አ. የቦስተን ተመራማሪዎች ያሳተሙት አንድ ጥናት አለ። አልዛይመራቸው ለበረታ ሕሙማን ከነጭ ይልቅ ደማቅ ቀይ ሳህንና ኩባያ ሲሰጣቸው የሚበሉት 25 በመቶ፣ የሚጠጡት 84 በመቶ ጨመረ። የተጠኑት ዘጠኝ ሰዎች ብቻ ናቸው፣ ስለዚህ ብዙ አልመካበትም። ግን መርካቶ ሄጄ ምንም ጌጥ የሌለው ቀይ የፕላስቲክ ሳህን ገዛሁ። እርጎዋን በቀይ ኩባያ ስንሰጣት ትጨርሳለች። ለእንጀራው ግን ሳህን ምንም አያደርግም፣ ቀይ ወጥ ራሱ በቂ ነው።

እንጀራ በዚህ ነገር ባለውለታችን ነው። ውጭ አገር ለእንዲህ ዓይነት ሕሙማን ሹካና ቢላ ሲያቅታቸው በእጅ የሚያዝ ምግብ ስጧቸው ይባላል። እኛ ሌላ መቼ እናውቃለን? እማዬ ማንኪያ ስትይዝ ግራ ይገባታል፣ ሌላኛው እጇ ላይ ታዞረዋለች። እንጀራ ሲቀርብ ግን ቀኝ እጇ ራሱ ይሄዳል። ይቆርሳል፣ ይጠቀልላል፣ ይጎርሳል። የምግቡን ስም ረስታም እጇ ያውቀዋል።

ብቻዋን ስትሆን ግን አትበላም። ለብቻዋ በሳህን አቅርበንላት ስንሄድ ምግቡ እንዳለ ይጠብቀናል። ትሪው መሐል ሆኖ ሦስት አራት እጅ ሲገባበት ትበላለች። እኛ ስንቆርስ ታያለች፣ ትቆርሳለች። ስለዚህ ምሳ ሰዓት ላይ ከሥራ እመጣለሁ። ቆሎ ከቤት ወጥቷል፣ ሁለቴ ትን ብሏት ስላስደነገጠን። ውሃ በትንሽ በትንሹ፣ ቀጥ ብላ ተቀምጣ። የንስሐ አባቷም መጥተው «ከጾም ፈትቻታለሁ፣ ለታመመ ጾም የለም» ብለው ባርከዋት ሄደዋል። እሷ አሁንም አንዳንድ ቀን «ጾመኛ ነኝ» ትላለች። ያኔ ባለቤቴ ሽሮ ነው የምታቀርብላት። ቅቤ ይኑርበት አይኑርበት አንነጋገርም።

ባለፈው እሁድ ምሳ ላይ ነን። ሥራ አምሽቼ ስለነበር የመብላት ፍላጎት አልነበረኝም፣ ትሪው ዳር ተቀምጬ ዝም ብዬ አያታለሁ። እማዬ ቀና ብላ አየችኝ። ረዘም አድርጋ አየችኝ። ማን እንደሆንኩ እየፈለገች መሆኑ ገባኝ፣ ግን አላገኘችውም። ከዚያ እንጀራውን ቆርሳ፣ ወጡን አብዝታ፣ ጠቅልላ ወደ አፌ ዘረጋችው።

«የሰው ልጅ፣ ብላ እንጂ። ቤት ለእንግዳ።»

«በልቼ ነው የመጣሁት» አልኳት።

«በሞቴ!»

«ይቅርብኝ፣ አይድከሙ» አልኳት፣ እንግዳ ነኝና።

«ሚካኤልን! እጄን አትመልሰው።»

በሦስተኛው አፌን ከፈትኩ። አጎረሰችኝ። ጣቷን ነጠላዋ ላይ ጠረገችና «አንድ ያጣላል» ብላ ሁለተኛውን መጠቅለል ጀመረች።